እየከሰመ የሚጓዘው ሸቀጥ፦ የኑክሌር ሕክምና ከካርጎ እስከ ታካሚ

ከመገናኛ ብዙ በማይርቀው ሾላ ገበያ ወደ ማምሻው ላይ ብቅ ያለ ሸማች አንድ ነገር ልብ ይላል። ጠዋት «አልቀንስም» ስትል የዋለችው ባለ ቲማቲም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መደቡን በግማሽ ዋጋ ትጠራለች። ከጎኗ የተቀመጠው ባለ ጨው ግን አይቸኩልም። ጨው ዛሬ ባይሸጥ ነገ፣ ነገ ባይሸጥ በወሩ ይሸጣል። ቲማቲሙን ከጨው የሚለየው በሰዓት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው።

በሕክምናው ዓለም ከሾላ ቲማቲም ይልቅ ቶሎ የሚያልቅ ሸቀጥ አለ። አንዳንዱ በስምንት ቀን፣ አንዳንዱ በስድስት ሰዓት፣ አንዳንዱም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ይጠፋል። በረዶ ቤት ቢያስገቡት አይቆይም፣ በእርሳስ ሣጥን ቢቆልፉትም መክሰሙን አያቆምም። ይህ ሸቀጥ የኑክሌር ሕክምና የሚሠራበት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ በባለሙያዎች አጠራር ራዲዮአይሶቶፕ ነው። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ በአዲስ አበባ የግል ምርመራ ማዕከላት ሳይቀር በሚገኙበት በአሁኑ ጊዜ የኑክሌር ሕክምና እንደነሱ ያልተስፋፋው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከመሣሪያው ዋጋ በፊት የዚህን ሸቀጥ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሠራሩ እንዴት ነው?

በተለመደው የራጅ ምርመራ ጨረሩ ከውጭ ካለ መሣሪያ ተነስቶ በታካሚው ሰውነት ውስጥ ያልፋል። በኑክሌር ሕክምና ግን ጨረሩ የሚነሳው ከታካሚው ሰውነት ውስጥ ነው። በጣም አነስተኛ መጠን ያለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ወደ አንድ የተወሰነ የሰውነት ክፍል ከሚሄድ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በመርፌ ወይም በአፍ ይሰጣል። አጥንት የሚፈልገው ወደ አጥንት፣ ኩላሊት የሚያጣራው ወደ ኩላሊት፣ የልብ ጡንቻ የሚወስደው ወደ ልብ ይሄዳል። ከዚያም ጋማ ካሜራ የተባለው መሣሪያ ከሰውነት የሚወጣውን ጨረር እየለቀመ ምስል ይሠራል።

ልዩነቱ በምስሉ ላይ ይታያል። ራጅና ሲቲ ስካን በይበልጥ የአካሉን ቅርጽ ሲያሳዩ ጋማ ካሜራ የሚያሳየው ሥራውን ነው። ሁለት ኩላሊቶች በሌላ ምርመራ ሲታዩ ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ። በጋማ ካሜራ ሲታዩ ግን አንደኛው አብዛኛውን ሥራ ብቻውን እየሠራ ሌላኛው ሊያቆም ተቃርቦ ሊገኝ ይችላል። የጡት ወይም የፕሮስቴት ካንሰር ወደ አጥንት መሰራጨቱንም በተለመደው ራጅ ከመታየቱ ቀድሞ ሊያመለክት ይችላል።

አንባቢ ይህን ሕክምና ከጨረር ሕክምና፣ ማለትም ከሬዲዮቴራፒ ለይቶ ማየት ይገባዋል። በሬዲዮቴራፒ የታሸገ ምንጭ ወይም መሣሪያ ከውጭ ሆኖ ጨረር ወደ ዕጢው ይልካል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ የጀመረው የኮባልት መሣሪያ ከዚህ ወገን ነበር። ኮባልት-60 ግማሽ ለመሆን ከአምስት ዓመት በላይ ስለሚፈጅበት አንዴ ከገባ ለዓመታት ይሠራል። የኑክሌር ሕክምና ግብዓት ግን በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እንደ አዲስ መግባት አለበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ከተቋቋመው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የመጀመሪያ አባላት አንዷ ስትሆን፣ የኑክሌር ሕክምናም በአገሪቱ ውስጥ ስሙ የሚነሳው በቅድሚያ ከጥቁር አንበሳ ጋር ተያይዞ ነው።

ላሟና ወተቷ

በዓለም ላይ ከሚካሄዱት የኑክሌር ሕክምና ምርመራዎች 80 በመቶ ያህሉ የሚሠሩት ቴክኒሺየም-99ኤም በተባለ አንድ ንጥረ ነገር ነው። ግማሽ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ነው። ጠዋት በ2 ሰዓት 100 የነበረው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 50፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 25 ይሆናል፤ በማግሥቱ ጠዋት የቀረው ከ7 አይበልጥም። ለታካሚው ይህ ጥቅም ነው፣ ጨረሩ ምርመራው እንዳለቀ ከሰውነቱ ቶሎ ይጠፋልና። ለነጋዴው ግን ከሌላ አኅጉር ሊያስመጣው የማይችል ዕቃ ነው።

መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ወላጁን ማስመጣት ነው። ሞሊብዲነም-99 የተባለው ንጥረ ነገር ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ሲሆን እየከሰመ ሲሄድ ቴክኒሺየም ይወልዳል። ሞሊብዲነሙ ጄኔሬተር በተባለ በእርሳስ የተሸፈነ ዕቃ ውስጥ ሆኖ በአውሮፕላን ይመጣል። ሆስፒታሉ ጠዋት ጠዋት ጨዋማ ፈሳሽ በማሳለፍ የተወለደውን ቴክኒሺየም ይቀዳል። የሙያው ሰዎች ጄኔሬተሩን ላም፣ የሚቀዳውንም ወተት ይሉታል፤ ሥራውም ማለብ ነው። በማግሥቱ እንደገና ወተት ታቆራለች፤ ነገር ግን ላሟ ራሷ በየቀኑ ትከሳለች። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ የምትሰጠው ወተት ሊሠራበት የማይበቃ ይሆናል።

የገበያው ስሌት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጄኔሬተሩ በመንገድ ላይ ወይም በካርጎ መጋዘን አንድ ቀን ከዘገየ 22 በመቶ፣ ሁለት ቀን ከዘገየ 40 በመቶ ገደማ ኃይሉን ያጣል። ለስሌት እንዲመች አንድ ጄኔሬተር ሆስፒታል እስኪደርስ 600 ሺሕ ብር ወጣበት፣ በወቅቱ ቢደርስ ደግሞ ለ60 ታካሚዎች ይበቃ ነበር እንበል። የእያንዳንዱ ታካሚ ድርሻ 10 ሺሕ ብር ይሆናል። ሁለት ቀን ቢዘገይ በግርድፉ የሚበቃው ለ36 ታካሚዎች ነው። ሒሳቡ ግን ያው 600 ሺሕ ስለሆነ የአንዱ ድርሻ ወደ 16 ሺሕ 700 ብር ከፍ ይላል። የቀሩት 24 ሰዎች ደግሞ ለሌላ ወረፋ ይመለሳሉ። በሌላ ዕቃ ላይ የሁለት ቀን መዘግየት የመጋዘን ኪራይ ብቻ ያስከፍላል። በዚህኛው ላይ ዕቃው ራሱ ነው የሚከፈለው።

እንቅርት፣ ጨውና አዮዲን

በኑክሌር ሕክምና ምርመራ ብቻ ሳይሆን ፈውስም አለ። ቀዳሚው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን፣ ማለትም አዮዲን-131 ነው። ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ስለሆነ በደም ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል። ጨረር አመንጪ መሆን አለመሆኑን አይለይም። በ1941 እ.ኤ.አ. ሳውል ኸርዝ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይህንኑ የዕጢውን ጠባይ በመጠቀም ዕጢያቸው ከልክ በላይ የሚሠራ ታካሚ ለመጀመሪያ ጊዜ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን አከሙ። ከዚያ ወዲህ ሕክምናው ከልክ በላይ ለሚሠራ ታይሮይድ፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚቀሩ የታይሮይድ ካንሰር ሕዋሳት በዓለም ዙሪያ ይሰጣል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ዝናብ አፈሩን አጥቦ አዮዲኑን በሚወስድበት ደጋ እንቅርት የኖረ በሽታ ነው፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን አባባል ያስገኘውም ይኸው የዘመናት ትውውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ የአገሪቱ ሕፃናት መካከል 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት እንደነበረባቸው አመልክቷል። ቀደም ሲል አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ከተቀሰቀሰው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ገበያው ወደ አፋር፣ በተለይም ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፣ አዮዲኑም ከገበታ ጠፋ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲቀላቀልበት አስገደደ። ለውጡም በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ላይ ታይቷል። አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀሙ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2011 15 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሱ።

ጨው መጪውን እንቅርት ይከላከላል፤ የታመመውን ዕጢ ግን አይመልስም። አብዛኛው ተራ እንቅርትም ራዲዮአክቲቭ አዮዲን አያስፈልገውም። የሚያስፈልጋቸው ዕጢያቸው ከልክ በላይ የሚሠራባቸውና የታይሮይድ ካንሰር ያለባቸው ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

የመዘግየት ዋጋ በገንዘብ ብቻ የማይለካው በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ነው። የታይሮይድ ካንሰር ኖሮባት ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላትን ታካሚ እንደ ምሳሌ እንመልከት። አዮዲኑን ለመውሰድ ስትዘጋጅ በተለመደው አሠራር በየቀኑ የምትውጠውን የሆርሞን ክኒን ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ታቆማለች። ሆርሞኑ ከሰውነቷ ሲጎድል ይበርዳታል፣ ይደክማታል፣ ፊቷ ያብጣል፣ ሐሳቧ ይዘገያል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ደግሞ አዮዲን ያለበትን ምግብ ትተዋለች። የቀሩት የካንሰር ሕዋሳት አዮዲን ተርበው እንዲጠብቁ ነው። መንግሥት በደንብ ያስገደደውን፣ ከሾላ የምትገዛውን ያንኑ አዮዲን ያለበት ጨው ከወጧ ታወጣለች ማለት ነው። ቀጠሮው ደርሶ ከመገናኛ በባቡር ለገሃር ወርዳ ወደ ጥቁር አንበሳ ስትሄድ «አዮዲኑ አልገባም» ብትባል የወሩ ድካም ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ክኒኑን እንደገና ትጀምራለች፤ ለሚቀጥለው ጭነት ደግሞ እንደገና ታቆማለች።

አዮዲን-131 ግማሽ ዕድሜው ስምንት ቀን ስለሆነ ከሞሊብዲነም ይሻላል። የሦስት ቀን መዘግየት 23 በመቶ ያህል ይወስዳል። ሆኖም ለአራት ታካሚ ታዝዞ የመጣ አዮዲን በሦስት ቀን ውስጥ ለሦስት ብቻ ይበቃል ማለት ነው። አራተኛው ሰው ማን ይሁን የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ጥቂት አቅራቢዎች፣ ብዙ ገዢዎች

የዓለም ገበያ ራሱ ጠባብ ነው። ሞሊብዲነም-99 በብዛት የሚመረተው ለምርምር በተሠሩ ጥቂት ሪአክተሮች ነው። የኔዘርላንድስ ፔተን፣ የቤልጂግ ሞል፣ የፖላንዱ ማሪያ፣ የቼክ ሬዥ፣ የአውስትራሊያው ኦፓልና የደቡብ አፍሪካው ሳፋሪ-1 ዋነኞቹ ናቸው። ከኦፓል በስተቀር አብዛኞቹ ከ50 ዓመት በላይ ያገለገሉ ናቸው። በፕሪቶሪያ አቅራቢያ ፔሊንዳባ የሚገኘው ሳፋሪ-1 ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። የካናዳው ቾክ ሪቨር በ2018 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

ከእነዚህ አንዱ ሲቆም ዓለም ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 የካናዳውና የኔዘርላንድሱ ሪአክተሮች ለጥገና በመቆማቸው በሀብታም አገሮች ሳይቀር ምርመራዎች ተሰርዘዋል። በ2024 መገባደጃም ፔተን በቧንቧ ችግር ከታሰበው ቀን ዘግይቶ በመከፈቱ ተመሳሳይ እጥረት ታይቷል። አቅርቦት ሲጠብ ዕቃው መጀመሪያ የሚደርሰው በቋሚ ውል በብዛት ለሚገዛው ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ ምንዛሪ ሲገኝ ብቻ የሚያዝ ገዢ ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል።

ምንዛሪ፣ ጉምሩክና ካሜራ

ኤኮኖሚው በሚያውቀው ቋንቋ ሲነገር የሕክምናው ችግር ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ1,000 ዶላር አይሶቶፕ የ57 ሺሕ ብር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ከ100 ሺሕ ብር በላይ የሚጠይቅ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ተመኑ ዝቅ ያለ ቢሆንም ዶላሩን ለማግኘት ወረፋ ይጠበቅ ነበር፤ ወረፋ ደግሞ በሰዓት ለሚከስም ሸቀጥ ከውድ ዋጋ አይሻልም። ለመድኃኒት አስመጪ ኤል.ሲ. ወር ቢዘገይ መድኃኒቱ አገር ቤት የሚደርሰው ወር ዘግይቶ ነው። ለአይሶቶፕ ገዢ ግን ሪአክተሩ በሳምንቱ ያመረተው ለሌላ ተሽጦ አልቋል።

ሁለተኛው ጉምሩክና ፈቃድ ነው። ጨረር አመንጪ ዕቃ ያለ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ አይገባም፤ መግባትም የለበትም። ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 የተቋቋመው ለዚሁ ነበር። የቁጥጥሩ ሥራ ኋላ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተላልፏል። ፈቃዱ አስቀድሞ ካለቀ ዕቃው ከአውሮፕላን ወርዶ በዕለቱ ይወጣል። ወረቀቱ መዞር የሚጀምረው ዕቃው ቦሌ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ግን የእያንዳንዱ ፊርማ ዋጋ በመቶኛ ይቆጠራል። ዓርብ ማታ የገባ ጄኔሬተር ሰኞ ጠዋት ቢወጣ ቅዳሜና እሑድ ብቻቸውን ከኃይሉ 40 በመቶ ያህል ወስደዋል።

ሦስተኛው መሣሪያው ነው። ጋማ ካሜራ ሲበላሽ መለዋወጫውም ጠጋኙም በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል። ካሜራው ቆሞ ጄኔሬተር ቢገባ ላሟ ሳትታለብ ትነጥፋለች፤ ካሜራው ሠርቶ ጄኔሬተር ባይገባ ደግሞ ሚሊዮኖች የወጡበት መሣሪያ አቧራ ይጠጣል። ሲቲ ስካን የገዛ ባለሀብት ከዚያ በኋላ ዋናው ቀለቡ ኤሌክትሪክ ነው። ጋማ ካሜራ የገዛ ግን በየሳምንቱ ከውጭ የሚመጣ ቀለብ መመገብ አለበት። የግሉ ዘርፍ ለምን ወደ ሲቲና ኤምአርአይ እንዳዘነበለ ከዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ አገሪቱ የሚበላሽ ዕቃ በአየር ማጓጓዝን አታውቅም ማለት አይቻልም። ጫት ጠዋት ተቆርጦ በዕለቱ ድንበር ይሻገራል። የአበባ እርሻዎች የቆረጡት ጽጌረዳ ቀዝቃዛ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ በቦሌ ካርጎ አልፎ አውሮፓ ይደርሳል። አበባው ከሚደርስባቸው አገሮች መካከል ኔዘርላንድስና ቤልጂግ ይገኛሉ፤ ሞሊብዲነም የሚያመርቱትም እነዚሁ አገሮች ናቸው። ለሚላክ አበባ የተዘረጋው ፈጣን አሠራር ለሚገባ አይሶቶፕም ቢዘረጋ አዲስ ጥበብ አይጠይቅም።

ስለ ፍርሃቱ

«ኑክሌር» የሚለው ቃል ቦምብን ስለሚያስታውስ ብዙ ታካሚ ይደነግጣል። በምርመራ ጊዜ የሚሰጠው መጠን ግን ከአንድ የሲቲ ስካን ጨረር ጋር የሚቀራረብ ወይም ያነሰ ነው። ጥንቃቄው ከፍ የሚለው በአዮዲን ሕክምና ነው። ለካንሰር ከፍተኛ መጠን የወሰደ ታካሚ ለጥቂት ቀናት ለብቻው በተዘጋጀ ክፍል ይቆያል። ከወጣም በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ብቻውን እንዲተኛ፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን እንዲርቅ፣ የሽንት ቤት ንጽሕናውን እንዲጠብቅ ይነገረዋል። ነፍሰ ጡር ሴት አትወስደውም፣ የምታጠባም አስቀድማ ጡት ታስጥላለች።

ምክሩ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ቤተሰብ በአንድ ክፍል በሚያድርበት፣ መጸዳጃ ቤት ከጎረቤት ጋር በጋራ በሆነበት፣ በሽተኛ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር በሆነበት ሰፈር ግን ከባድ ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉ የብቻ ክፍል ከአዮዲኑ ጋር አብሮ የሚቆጠር ግብዓት ነው። ሁለት የብቻ አልጋ ያለው ሆስፒታል የአሥር ሰው አዮዲን በአንድ ጊዜ ቢያስመጣ የስምንቱ ሰው ድርሻ አልጋ ሲጠብቅ ይከስማል።

ከዚህ ወዲያስ?

ዓለም አሁን ወደ ፔት ስካን ተሻግሯል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜው 110 ደቂቃ ነው። ናይሮቢ የሚገኘው የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ንጥረ ነገሩን የሚሠራበት ሳይክሎትሮን አለው። ከናይሮቢ አዲስ አበባ በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ስለሆነ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገና በአየር ላይ እያለ ይጠፋል። ከፋብሪካው እስከ ታካሚው አራት ሰዓት ከፈጀ የሚደርሰው 22 በመቶ ነው። ይህን ሸቀጥ የሚፈልግ ከተማ ማምረቻውን በጓሮው መትከል አለበት፤ የሚያዋጣው ደግሞ ካሜራዎቹና ታካሚዎቹ ሲበዙ ነው።

ከዚያ በፊት ያሉት እርምጃዎች ግን ገንዘብ ከሚጠይቁት በላይ ሥርዓት ይጠይቃሉ። በዓመት መጀመሪያ የተፈረመ የአቅርቦት ውል፣ ለዚያ ውል አስቀድሞ የተያዘ ምንዛሪ፣ ዕቃው ከመድረሱ በፊት ያለቀ ፈቃድ፣ ቅዳሜና እሑድ የማይዘጋ መስኮት፣ የካሜራ ጥገና ውል፣ እንዲሁም ታካሚዎችን በጭነቱ ቀን የሚያሰባስብ ቀጠሮ ናቸው። አንድ ቋሚ የጭነት ቀን ቢኖር ክኒኗን የምታቆመው ታካሚ መቼ እንደምታቆም ታውቃለች፣ ሆስፒታሉም ስንት አልጋ እንደሚለቅ ያውቃል።

የሾላዋ ባለ ቲማቲም ይህን ሁሉ ያለ ስሌት ወረቀት ታውቀዋለች። ዕቃዋ በጠዋት ከደረሰ ትርፍ አለው፤ ከሰዓት ከደረሰ በኪሣራ ይወጣል፤ ማታ ከደረሰ ግን ከነጭራሹ አታራግፈውም።